ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ጠብታ

በቀን መቶ አሥር በሽተኛ አይቶ የሚጨርስ የዓይን ሐኪም አለ ቢባል ማን ያምናል? ሁሉም አምኖ ነበር። ሐኪሙ ስሙ የገነነ፣ ጸጉሩ የሸበተ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ተማሪዎቹ «ባቡሩ» ይሉታል፤ አንዴ ከተነሳ የሚያቆመው የለምና። ክሊኒኩ የሕዝብ ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለው ሕዝብ ነው፤ በሩ ላይ የሚሰለፈውም ያው ሕዝብ ነው። ሰልፉ ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ ሰዉ ይመርቀዋል እንጂ «እንዴት አለቀ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አንድ ቀን ግን የአቻ ግምገማ ጽሕፈት ቤት ጠየቀ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራ የጤና ባለሙያ አሠራሩ ሲያጠራጥር የሚገመግሙት የቢሮ ሰዎች ሳይሆኑ የገዛ የሙያ ባልደረቦቹ ናቸው። የጥርስን ነገር የጥርስ ሐኪም፣ የዓይንን ነገር የዓይን ሐኪም ያውቃል ተብሎ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጥሩነቱ ግን ባልደረባው አፉን ለመክፈት ፈቃደኛ እስከሆነ ድረስ ነው።

ገምጋሚዎቹ የተሰበሰቡት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መስኮቷ አይከፈትም፤ የጠረጴዛው አንድ እግር አጥሮ በታጠፈ ወረቀት ተደግፏል። ሰብሳቢው ከባቡሩ ጋር አብሮ የተማረ፣ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው፣ ጠብ የሚባል ነገር የማይወድ ሰው ነው። ሁለተኛው ከሩቅ ከተማ የመጣ ሐኪም ሲሆን በሳምንቱ ውስጥ ከአፉ የወጣው ቃል በጣት ይቆጠራል፤ ስለዚህ ዝምተኛው እንበለው። ሦስተኛዋ የታሪካችን ሐኪም ናት። አርባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ በመንግሥት ሆስፒታል ትሠራለች። ቀዶ ጥገና ያስተማራት ራሱ ባቡሩ ነው። ስትመረጥ ይህንን ተናግራ ነበር፤ «እሱ ያላስተማረው የዓይን ሐኪም ከየት ይምጣ?» ብለው አለፏት።

ሰብሳቢው ገና በመጀመሪያው ቀን መነጽሩን እየጠረገ፣ «እንግዲህ ሰውየው ሸምግሏል። ምክር አዘል ደብዳቤ እንጽፍለትና ነገሩ በዚሁ ይብረድ» አለ። የበሽተኞቹ ካርድ ያለበት ካርቶን ገና አልተከፈተም ነበር!

ካርቶኑ ሲከፈት ሠላሳ የበሽተኛ ካርድ ወጣ። ሐኪሟ ማንበብ ጀመረች። በመጀመሪያው ካርድ ላይ በባቡሩ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣ «ብሌን ሰፍቶ ታይቷል፤ የዓይን ነርቭ ጤናማ ነው» ይላል። በሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛውም። ሠላሳው ካርድ ላይ ያቺው ዓረፍተ ነገር አንዲት ነጥብ ሳትለወጥ ተቀምጣለች። እስከዚህ ድረስ ምንም አይደለም፤ ሐኪም ሁሉ የለመደው አጻጻፍ አለው። ደሟን ያፈላው ሰዓቱ ነው። ካርድ ክፍል ያለው ማሽን በሽተኛው ሲገባ ሰዓት ያትማል፤ መድኃኒት ቤቱም ማዘዣውን ሲቀበል ያትማል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ስምንት ደቂቃ፣ ስድስት ደቂቃ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው።

የዓይንን ጀርባ በቅጡ ለማየት ብሌኑ መስፋት አለበት። ለዚህ የሚደረግ ጠብታ አለ፤ ትንሽ ያቃጥላል፤ ከተደረገ በኋላ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ይህንን የማያውቅ የዓይን ሐኪም የለም፤ የሆስፒታሉ ዘበኛ እንኳን ያውቃል። ጠረጴዛውን የከበቡት ሦስቱም ያውቃሉ፤ ባቡሩም ያውቃል፤ እንዲያውም ለሦስት ትውልድ ተማሪ ያስተማረው እሱ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ «ታይቷል» ያልታየ ነው ማለት ነው።

«ሰዓቱን አይታችሁታል?» ብላ ጠየቀች።

«ማሽን ደግሞ ይሳሳታል» አለ ሰብሳቢው።

«ሠላሳ ጊዜ?»

«አንቺ ደግሞ፣ ነገር አታካርሪ።» ዝምተኛው ቀና ብሎ አያትና ወደ ካርዱ ተመለሰ።

የዚህ ግምገማ ውጤት ሁለት ዓይነት ነበር። «ምክር አዘል ደብዳቤ» ከተባለ ባቡሩ በማግስቱ ሥራው ላይ ይገኛል፣ ነገሩም ይዘጋል። «ተገቢ ያልሆነ የሙያ አሠራር» ከተባለ ግን ጽሕፈት ቤቱ ባቡሩ በሁለት ዓመት ውስጥ ያከማቸውን ሰዎች በሙሉ ጠርቶ እንደገና ማስመርመር አለበት። አሥራ አንድ ሺህ ሰው ናቸው። ግላኮማ የሚባለው በሽታ የዓይንን ነርቭ ቀስ እያለ ይበላል፤ ሕመም የለውም፤ ባለቤቱ የሚነቃው ብርሃኑ ካለቀ በኋላ ነው። ቶሎ የተገኘ ይቆማል፤ የጠፋው ግን አይመለስም። ከእነዚያ ሰዎች መካከል ዓይናቸው በዚያች ሰዓት እየጠፋ ያለ ስንቶች እንደሆኑ የሚያውቅ የለም፤ እነሱ ራሳቸው «ጤናማ ነው» ተብለው በሰላም ተኝተዋል። 

በአምስተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ሹራብ ትሠራ ነበር። የእናቷን የዓይን ሞራ ከአራት ዓመት በፊት የገፈፈው ባቡሩ ነው፤ ሥራውም እውነት ለመናገር እንከን አልነበረውም፤ ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ የሚያያት እሱ ነው። ሰውየው እጁ ወርቅ ነው። ይህ ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል፤ የማይችል ሰው ቢሆን ኖሮ ያሳዝን ነበር።

«ኩኩዬ፣ ዶክተር ደውለውልኝ ነበር» አለች እናትየው።

«የቱ ዶክተር?»

«የቱ ትላለች ደግሞ! ዓይኔን ያበሩልኝ ናቸዋ። ጤናዬን ጠየቁኝ፤ ‹ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት› አሉኝ። ምን ዓይነት ሰው ናቸው በሞቴ!»

ሐኪሟ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። ግምገማ ላይ ያለ ሰው ከገምጋሚ ጋር እንዳይገናኝ ደንቡ በግልጽ ይከለክላል። ስለ እናት ግን ደንቡ የሚለው ነገር የለም፤ ባቡሩም ይህንን ሳያሰላ አልደወለም።

«ሌላስ ምን አሉሽ?»

«‹አሥራ ዘጠነኛውን ካርድ እስከ መጨረሻው ታንብበው በያት፤ እሷ እንዳትጎዳ ሰግቼ ነው› አሉ። ምን ማለታቸው ነው?»

«እኔ እንጃ፣ እማዬ። ሁለተኛ ሲደውሉ ስልኩን አታንሺ።»

«ስልክ አላነሳም? የባለጌ ልጅ ነኝ እንዴ? ምን አደረጉሽ እኚህ ሰው?» እናትየው ተቀይማ ወደ ሹራቧ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሟ ከሁሉም ቀድማ ደርሳ አሥራ ዘጠነኛውን ካርድ አወጣች። ባለካርዱ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ዕድሜው አርባ ስድስት። ባቡሩ ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄዷል፤ ስምንት ደቂቃ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ሰባት ደቂቃ። ሦስቱም ቀን ብሌን ሰፍቶ ታይቷል፤ ሦስቱም ቀን ነርቭ ጤናማ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወረቀቶች ከኋላ ወደ ፊት ገለበጠች። የመጨረሻው ከሌላ ከተማ የመጣ ሪፖርት ነው። ግላኮማ፤ ግራ ዓይን ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል፤ ቀኝ ዓይን በጠባብ ቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ፊት ለፊት ያለውን ብቻ ያያል። ሾፌሩ ባዶ አውቶቡስ ሲያቆም የጋራዡን ምሰሶ ገጭቶ፣ «ምሰሶው አልታየኝም» ብሎ፣ ሲመረመር ነው የተገኘው።

ከዚያ ሪፖርት በፊት የነበረው ወረቀት ከአሥራ አራት ወር በፊት ከመንግሥት ሆስፒታል ለክሊኒኩ የተጻፈ ነው። ሰውየው የዓይኑ ቆብ ላይ እብጠት ወጥቶበት መጥቷል፤ እብጠቱ ተከፍቶለት ሄዷል። ከሥር እንዲህ ይላል፤ «የዓይኑ ጀርባ በቅርቡ በሥራ ባልደረባዬ ታይቷል፤ ጤናማ ነው።» ፊርማው የራሷ ነው።

 ሰውየውን አታስታውሰውም። ያንን ዓረፍተ ነገር ግን በደንብ ታውቀዋለች፤ ሺህ ጊዜ ጽፋዋለች። ሁሉም ይጽፈዋል። የአንድ ትልቅ ሐኪም ካርድ ላይ «ታይቷል» የሚል ካለ እንደገና ጠብታ አድርጎ ማየት ሐኪሙን መናቅ ይመስላል፤ ጊዜም ይቆጥባል። ባቡሩ ያላየውን አየሁ አለ፣ እሷም ያላየውን አየ ብላ ፈረመችለት። ሾፌሩ በሁለት ሐኪሞች መካከል ዓይኑን ጥሎ ወጣ። በባቡሩ ላይ ስትከምረው የሰነበተችው ንዴት ዞሮ በራሷ ላይ ወረደ።

ደንቡን ደግሞ በቃሏ ታውቀዋለች። ከካርዶቹ ውስጥ ራሱ ያከመው ሰው ያገኘ ገምጋሚ ተናግሮ ይወጣል። የቀሩት ሁለቱ ካልተስማሙ የሰብሳቢው ድምፅ ያሸንፋል። ባቡሩ ያሰላው ይህንን ነው፤ ብትናገር ትወጣለች፣ ባትናገር ደግሞ አፏን ይዟታል። ዝም ብትልስ? ዝም ብትልና ድምፅዋን ብትሰጥ አሥራ አንድ ሺህ ሰው ይመረመራል። ከዚህ የበለጠ ምን ምክንያት አለ? ግማሽ ሰዓት ያህል ሽንጧን ገትራ ከራሷ ጋር ተከራከረች።

ነገሩን የቆረጠላት ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ቅጽ ነው። ገምጋሚዎች በየቀኑ ሥራ ሳይጀምሩ የሚፈርሙበት ነው፤ «ካርዶቹን ተመልክቻለሁ፤ እኔ ያከምኩት ሰው የለባቸውም» ይላል። ብዕሩን አንስታ ልትፈርም እጇን ዘረጋች፤ እጇ እዚያው ቀረ። ይህችስ በምን ትለያለች? እሷም አሁን ሐሰት መሆኑን እያወቀች አንዲት የተለመደች ዓረፍተ ነገር ላይ ልትፈርም ነው።

ባቡሩ መልስ ለመስጠት የተጠራው ያን ዕለት ነበር። በአራት ሰዓት ግራጫ ሱፉን ለብሶ ገባ። ሰብሳቢውን ስለ ጉልበቱ ጠየቀው፤ ዝምተኛውን ስለ መንገዱ ጠየቀው፤ ለእሷ «እናትሽ ደህና ናት?» አላት። ዓይኑን በጨው ታጥቦ! ቅጹ ተራ በተራ ዞረና እሷ ጋ ደረሰ።

«እኔ አልፈርምም» አለችና ተነሥታ ቆመች። የራሷን ደብዳቤ ከቀኑ እስከ ፊርማው ጮክ ብላ አነበበች። «ይህንን ሰው አክሜዋለሁ። ጠብታ አላደረግኩለትም። እዚህ እንዳለሁ ዶክተር በእናቴ በኩል መልእክት ላኩብኝ፤ ይህም ይጻፍልኝ።»

ሰብሳቢው ደነገጠ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ላይ እፎይታ ታየ። «እንግዲህ ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከገምጋሚነት ወጥተሻል።»

«ከገምጋሚነት ወጥቻለሁ። ምስክር ሆኜ ግን ገብቻለሁ።» ወንበሯን ስባ ከባቡሩ ጎን ተቀመጠች።

ባቡሩ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። «ልጄ፣ እንዲህ ራስሽን ማጋለጥ ምን ያደርግልሻል? ሁላችንም እንሳሳታለን። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።»

«ዶክተር፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። የሚሳሳት ሰው ያያል፣ ከዚያ ይስታል። እርስዎ አላዩም። እኔም አላየሁም።»

«እንዴት አላይም? እኔ የምጠቀምበት ጠብታ ፈጣን ነው፤ በስምንት ደቂቃ ይሰፋል። ደግሞስ ደጅ መቶ ሰው ተኮልኩሎ እያንዳንዱን ሃያ ሃያ ደቂቃ ላስጠብቅ? ሕዝቡ ምን ይሁን?»

«ሕዝቡን አያንሱብኝ!» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ሃያ ደቂቃውን የሚጠብቀው በሽተኛው ነው እንጂ እርስዎ አይደሉም። አንዲት ነርስ አሥሩን ባንዴ ጠብታ አድርጋ ብታስቀምጥ እርስዎ ሌላ ሥራ ይሠራሉ። ይህንን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት!»

«እኔ የምላችሁ በስምንት ደቂቃ ይሰፋል ነው» አለ ባቡሩ፣ አሁን ወደ ሰብሳቢው ዞሮ።

ሐኪሟ ቦርሳዋን ከፈተች። ትንሽ የጠብታ ጠርሙስና የዓይን መመልከቻ መብራቷን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እንግዲያው እዚሁ የሰብሳቢውን ዓይን ይዩልን። ሰብሳቢ፣ ይፈቅዳሉ?»

«እኔ መኪና እነዳለሁ እኮ፣ እንዴት ብዬ…» አለ ሰብሳቢው።

«ይደረግልዎ» አለ ዝምተኛው። በሳምንቱ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር፤ ሰብሳቢውም ሳያስበው ራሱን ወደ ኋላ ደገፈ። ሐኪሟ ጠብታውን አደረገችለት።

«እንዲያውም አያቃጥልም፤ ደስ የሚል ነገር ነው» አለ ሰብሳቢው። አርባ ዓመት ሰው ዓይን ላይ ጠብታ ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው ይህንን የሚለው።

የግድግዳው ሰዓት ስምንት ደቂቃ ቆጠረ። ባቡሩ በመሐል አንድ የድሮ የተማሪ ቤት ቀልድ አወራ፤ ሰብሳቢው ብቻ ሳቀ። ጊዜው ሲደርስ ባቡሩ መብራቱን አነሣ፤ ጎንበስ ብሎ ቀኙን አየ፣ ግራውን አየ፤ ሁለቱን ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዚያ ቀና ብሎ ዝምተኛው እንዲጽፈው ያህል ረጋ አድርጎ ተናገረ።

«ብሌን ሰፍቶ ታይቷል፤ የዓይን ነርቭ ጤናማ ነው።»

ሐኪሟ ጠርሙሱን ወደ ሰብሳቢው ገፋችለት። «ይህ ጠብታ ብሌን አያሰፋም። ለደረቀ ዓይን ማርጠቢያ ነው። የራሴ ነው፤ ቀን ቀን የማደርገው።»

ዝምተኛው ከወንበሩ ተነሥቶ የሰብሳቢውን ዓይን በቅርብ አየ። «ብሌኑ የክብሪት ራስ አያክልም» አለና ተቀመጠ።

ሰብሳቢው ጠርሙሱን አገላብጦ አነበበ። ፊቱ ቀላ። «የእኔን ዓይን?» አለ። «አርባ ዓመት አብሬህ የኖርኩትን ሰው ዓይን፣ ሳታይ አየሁ አልከኝ?»

ሠላሳ ሰው ያላስቆጣውን ሰው የገዛ ዓይኑ አስቆጣው! ሐኪሟ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ ግን አላላትም። ሾፌሩ ዓይኑን ያጣበት ወረቀት አንድ ሳምንት ሙሉ አፍንጫው ሥር ተቀምጦ «ነገር አታካርሪ» ሲል የነበረው ይኸው ሰው ነው። ባቡሩ መብራቱን አጥፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። 

ውሳኔው ከቀትር በኋላ ተጻፈ፤ ተገቢ ያልሆነ የሙያ አሠራር። አሥራ አንድ ሺህ ሰው እንዲጠራ፣ ባቡሩ በሕዝብ ክሊኒክ እንዳይሠራ። ዝምተኛው አንድ መስመር አስጨመረ፤ የሐኪሟም ካርዶች ሠላሳ ያህል ወጥተው በሌሎች ባልደረቦች እንዲገመገሙ። ወረቀቱን ሲሰጣት «ይቅርታ» አላት። እሷም «ትክክል ነው» ብላ ፈረመች። እናቷ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈቻት፤ በሦስተኛው ቀን ለምርመራ ከተጠሩት አንዷ ሆና ስትገኝ «እሳቸው እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ አላምንም» እያለች ልብሷን ለባብሳ ሄደች። ዓይኗ ደህና ነበር።

ሐኪሟ ግን ሳትሄድ የማትቀርበት አንድ ቤት ነበራት። ቅዳሜ ጠዋት አድራሻውን ጠይቃ ሄደች። በሩን የሾፌሩ ሚስት ከፈተችላት። ሾፌሩ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እንግዳዋን ለማግኘት ራሱን ቀስ አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ፊቷ ላይ ሲደርስ ቆመ። እሷም ሳትቀመጥ ሁሉንም ነገረችው፤ የባቡሩን፣ የራሷን ደብዳቤ፣ ያላደረገችለትን ጠብታ። ሚስቱ አፏን በእጇ ይዛ ሰማች።

«ያን ቀን ጠብታውን ቢያደርጉልኝ ኖሮ ያገኙት ነበር?» አለ ሾፌሩ።

«አገኘው ነበር። ግራ ዓይንዎ ያኔ ገና ይተርፍ ነበር።»

«ታዲያ ምን ከለከለዎት?»

«ሰው በዝቶብኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያስጠብቃል።»

 ሾፌሩ ሲናገር ድምፁ አልጮኸም፤ ብትሰደብ ይቀላት ነበር።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ያን ቀን ከበርዎ ፊት አግዳሚው ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ ነበር። አንድ ሰው ብቅ ብሎ ያችን ጠብታ ቢያደርግልኝ፣ እዚያው ተቀምጬ እጠብቅ አልነበር?»